የጉና ገብስና ሁለቱ ኮምፒዩተሮች

ጡረታ ወጥቼም አልተዉኝም። ባለፈው ሰኞ ገና ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ድሮ ከምሠራበት ግቢ ነው። «እትዬ የሺ፣ አዲስ ማተሚያ መጥቶልን ነበር፤ ኮምፒዩተሩ አላውቀውም ብሎ አስቸገረን» ይለኛል አንዱ ባለሙያ።

«ድራይቨሩን ጫንኸው?» አልሁት።

«ጭኜዋለሁ።»

«ለየትኛው ሲስተም የተሠራውን?»

«እንዴ፣ ሁሉም ያው አይደለም?» አለኝ።

ኤዲያ! ቆሽቴ አረረ። «ሁሉም ያው አይደለም?» የምትባለዋን ነገር የሥራ ዘመኔን ሙሉ ስሰማት ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ቤቴ ድረስ በስልክ መጣችብኝ። አለቃ ብሏታል፣ ካድሬ ብሏታል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ኤክስፐርት መነጽሩን እየጠረገ ብሏታል። ያው አይደለም! ያው ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ ኖርሁ? ያው ቢሆን ኖሮ የጉና ተራራ ሥር ሰዎች ያን ዓመት ገብሳቸው አይቀርባቸውም ነበር። ለሰውዬው የሚያደርገውን ነግሬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ሥራ የጀመርሁት አዲስ ዘመን ከተማ በታይፒስትነት ነው። ደመወዙን አላወራም፤ የሚወራ አልነበረም። ከዚያ ወደ ነፋስ መውጫ አዛወሩኝ። እዚያ ጠዋት ጠዋት የኔም ጣት ይደነዝዛል፣ የጽሕፈት መኪናውም ዘይት እንደ ሞራ ይረጋል፤ ሁለታችንም ፀሐይ ሳንሞቅ ሥራ አንጀምርም ነበር። አንድ ቀን መኪናው ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ። ጠጋኝ ይላክልኝ ብዬ ጻፍሁ፤ በእጄ ነው እንግዲህ የምጽፈው። ማን ሰምቶኝ! ደግሜ ብጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በመጨረሻ በንዴት በቢላዋ ጫፍ ፈታሁት። መፈታቱን ተፈታ፤ እምቢ ያለኝ መግጠሙ ነው። የተረፈኝን ብረት በመሐረብ ቋጥሬ፣ መኪናውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ወረድሁ።

ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሚቀመጡበት መስመር ላይ፣ ሰዓትና የስፌት መኪና የሚጠግኑ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የጽሕፈት መኪናም የሚያውቁ በአገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። መሐረቡን ስፈታላቸው ብረቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ይኼ መኪና ምን በድሎሽ ነው?» አሉኝ።

እንዲህ ተዋወቅን። ቆይቶ እኔም ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርሁ፤ መሥሪያ ቤታችን የመኪኖቹን ጥገና ለሳቸው ሰጥቶ ስለነበር፣ በስም ታይፒስት እየተባልሁ በሥራ የሳቸው ተማሪ ሆንሁ።

ጋሽ ሰይድ ሥራ ሲጀምሩ እጃቸውን ይታጠባሉ። ነጭ አቡጀዲ ያነጥፋሉ። የፈቱትን ብረት በፈቱበት ቅደም ተከተል ከቀኝ ወደ ግራ ይደረድሩታል፤ እዚያ አቡጀዲ ላይ ትንፋሽ እንኳ እንዲያርፍ አይፈልጉም። በላምባ ያጥባሉ፣ በጨርቅ ያደርቃሉ፣ የስፌት መኪና ዘይት በላባ ጫፍ ያስነኩታል። ዘይት የሚያፈስ ሰው ሲያዩ ይንገፈገፋሉ፤ «ወጥ አደረግሽው እኮ!» ይሉኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። መኪናው ምን እንደሆነ ሊነግሯቸው ሲጀምሩ አይሰሙም። «ተዪው፣ አትንገሪኝ። ሥሪበት፣ እኔ ልይ» ይላሉ። ከሠራተኛው ጀርባ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ሻያቸውን ይዘው ዝም ብለው ያያሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ሠራተኛው ይጨነቃል፣ እሳቸው ከእጁ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

አንዴ አንድ ጸሐፊ መኪናዬ መስመሩን ሳይጨርስ ይቆማል ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ጋሽ ሰይድ ከኋላው ተቀመጡ። ለካ ሰውዬው ከተሰበረ መስኮት የሚገባውን ብርድ ሲሸሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ጋቢው ከትከሻው እየወረደ የመኪናውን ተንሸራታች ይይዝበታል። ጋሽ ሰይድ መኪናውን አልነኩትም። ካርቶን አስመጥተው መስኮቱን ደፈኑለት። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናው አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ኮምፒዩተሮቹ የመጡት በደርግ ማብቂያ አካባቢ፣ በ1979 ክረምት ነው። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬ ማኅበራት ዘርና ማዳበሪያ የሚያድል ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ፈርሷል። አለቃችን ጓድ መኮንን ነበር። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ አሁን ግን አፌ እሺ አይለኝም። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ችግሩ የሰማውን ሁሉ ማመኑ ነው። ኮምፒዩተር አይሳሳትም ሲሉ ሰማ፣ አመነ፣ አለቀ። አዲስ አበባ ለኮርስ ሰው ላክ ሲባል ደግሞ፣ «ቁልፍ ያለው ነገር አይደል? ታይፒስቷ ትሂድ» አለ። ሄጄ ተምሬ ስመለስ ዕቃው ደርሶ ጠበቀኝ።

አንዱ ነጭ ነው፤ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተሰጠ። ሌላው ግራጫ ነው፤ አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የተወው። ጓድ መኮንን ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ሁለቱም አንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው ያላቸው፤ ስለዚህ እጥፍ ሥራ እንሠራለን» ብሎ አስጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ!

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩን ቀስቅሶ የሚያሠራው ዋናው ፕሮግራም ነው። ማተሚያውም ዲስክ ማንበቢያውም ከእሱ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ድራይቨር ይባላል። የሁለቱ ማሽኖቻችን ሲስተም ስሙ አንድ ነበር። ሆኖም የነጩ ፋብሪካ እንደሚመቸው ለውጦታል፤ የግራጫውም ፋብሪካ እንደሚመቸው ለውጦታል። ነጩ ዲስክ ላይ ሲጽፍ መስመሩን አጠጋግቶ ስለሚጽፍ ግራጫው ማንበብ አቃተው። ማተሚያውማ ጉድ ነው! አማርኛ እንዲያትም አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ ድራይቨር ጽፎለት ነበር፤ የጻፈው ግን ለግራጫው ነው። ያንኑ ወስጄ ነጩ ላይ ስጭነው ማሽኑ ደርቆ ቀረ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ደርቆ ቀረ። ያለ ድራይቨሩ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ስም አትም ስለው፣ የልብ ቅርጽና የካርታ መጫወቻ ምልክት ደርድሮ አወጣልኝ። ጓድ መኮንን ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይኼ የየትኛው ወረዳ ነው?» አለ።

የዲስኩን ነገር ፈታሁት። ነጩ ሲነሣ አብሮት የሚጫን ትንሽ ድራይቨር ነበረ፤ ቁጥሮቹን ስቀያይር ሰነበትሁና፣ ነጩ እንደ ግራጫው አራርቆ እንዲጽፍ አደረግሁት። ያን ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። የሥራ ባልደረባዬ አስናቀች ሰምታ «አበደች» ብላ ወሬ ነዛች። የአማርኛውን ድራይቨር ግን አልቻልሁም። ሲስተሙን ዘልሎ በቀጥታ ከግራጫው ሆድ ዕቃ ጋር እንዲነጋገር አድርጎ ነው የጻፈው፤ የነጩ ሆድ ዕቃ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ነጩ ላይ የተሠራ ሁሉ በዲስክ ግቢውን እያቋረጠ፣ ማዶ ባለው ክፍል ግራጫው ዘንድ ይታተም ጀመር። ግራጫው ላይ አዋሃጅ የምንለው ፕሮግራም ነበረ። ከሁለቱም ማሽን በአንድ ስም የተጻፈ ፋይል ሲያገኝ፣ የተጻፈበትን ቀን ያይና አዲሱን ይዞ አሮጌውን ይጥላል። ደግ ነገር ነበር፤ ስንት ወር ያለ እንከን ሠራልን።

ነጩ ላይ የምትሠራው ይህችው አስናቀች ናት፤ እኔ ያስተማርኋት፣ እጇ ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ። ግራጫው ላይ የሚሠራው ካሳሁን ነው፤ የውጭዎቹ ሰዎች ያሠለጠኑት፣ ዝምተኛ፣ ዕቃውን አቧራ የማያስነካ። ጓድ መኮንን ይኼኔ አንድ መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ መጋዘን በእጅም በታይፕም የተጻፈ የዕደላ ወረቀት አይቀበልም፤ ከኮምፒዩተር የወጣና እሱ የፈረመበት ብቻ! «ጓድ መኮንን፣ መብራት ሲጠፋስ?» ብለው «መብራት ይመጣል» አለኝ።

አሁን አቶ አላምረውን ላምጣቸው። ከጋሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ያለ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ግንቦት ላይ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ለማኅበራቸው የተመደበው ምርጥ ዘር ጤፍ መሆኑን ሰምተው ነው። ከላይ የወረደው ዕቅድ ጤፉን ለጉና፣ ገብሱን ለፎገራ ብሎ ነበር፤ ካሳሁንም የካቲት ላይ እንዳለ በአንድ ፋይል ግራጫው ላይ አስገብቶታል።

«ጤፍ? ጉና ላይ?» አሉ አቶ አላምረው። «በሞትሁት፣ ማነው ይኼን ያሰበው? እኛ ዘንድ እኮ ቆላ የለም፤ ከገብስ በቀር መሬቱ አይቀበልም። ዘራችንን በክፉው ቀን በልተነዋል። ጎተራው ባዶ ነው። ገብስ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ካልዘራን ፍሬ ሳይቋጥር ውርጭ ያገኘዋል፤ እንግዲህ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?»

«አይዞዎት አባቴ፣ ይስተካከላል» አልኋቸው። ጓድ መኮንንም ሰምቶ ተስማማ፤ ይኼን አልክድም። ገብሱ ለጉና፣ ጤፉ ለፎገራ ይሁን ተባለ። አስናቀች የጉናን ፋይል ነጩ ላይ አስተካከለች፣ በዲስክ ወሰድነው፣ አዋሃጁ አዋሐደው፣ አተምነው። ጉና፤ ጤፍ።

እንዴ! «ሳትመዘግቢው ዘግተሽው ነው» አልኋት። እንደገና ሠራችው፤ አጠገቧ ቆሜ ፋይሉን አየሁ፤ ገብስ ይላል። ግቢውን አቋርጠን አተምነው፤ ጤፍ። ዲስኩ ተበላሽቷል አልንና ለወጥን፤ ጤፍ። ካሳሁን የማተሚያውን ገመድ ነቅሎ ሰካ፤ ጤፍ። በስመ አብ አልሁ። አስናቀች «ጠበል ይረጭበት» ብላ ስትቀልድ ጓድ መኮንን ከኋላችን ቆሞ ኖሯል።

«ይኼ ነገር የአሻጥር ሽታ አለው» አለ።

ያን ዘመን ያላየ ሰው ይህች ቃል ምን እንደምታደርግ አያውቅም። አስናቀች ፊቷ አመድ መሰለ። «ጓድ፣ ማሽኖቹ አልተግባቡም እንጂ ማንም አሻጥር አልሠራም» አልሁት። «ኮምፒዩተር አይሳሳትም። ሁለቱም አንድ ሲስተም ናቸው። የሚሳሳተው ሰው ነው» ብሎ ሄደ። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን ይኼን ነገር ልፈትሽ ስል፣ በማግሥቱ ነፋስ መውጫ ሄደሽ የጽሕፈት መኪና ጠግኚ ተባልሁ። ቤቱ እየተቃጠለ የአጥር በር ጠግኚ እንደማለት ነው። ብለምን፣ ብለማመጥ፣ ማን ሰምቶኝ!

ነፋስ መውጫ ከሳምንት በላይ ቆየሁ። ስመለስ አውቶቡሱ ጋሳይ ላይ ለእረፍት ቆመ። የመሥሪያ ቤታችን የጭነት መኪና መንገድ ዳር ጆንያ ያራግፋል፤ ገበሬዎቹ አህያ ይዘው ተሰልፈዋል። አቶ አላምረው አንዱን ጆንያ ፈትተው እጃቸውን ከተው ቆመዋል። እኔን ሲያዩ እፍኛቸውን ዘርግተው ወደኔ መጡ። ጤፍ ነው፤ በጣታቸው መሐል እየሾለከ መሬት ይወርዳል።

«የሺ፣ ይኼን አንቺ ነሽ የላክሽልን?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ በወደድሁ። ሰኔ ገብቶ፣ ለሚካኤል የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

ለካ እኔ በሌለሁበት እንደገና አትመውት፣ ጓድ መኮንን ታክቶት ሳያነብ ፈርሞ ለመጋዘን ሰጥቶታል። ገብሱ ፎገራ፣ ወረታ ወርዷል፤ ጤፉ ጉና ወጥቷል።

ደብረ ታቦር ስደርስ ሻንጣዬን እንኳ ቤት አላስገባሁም። ጋሽ ሰይድ ያኔ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ትተው ነበር፤ በርጩማቸው ግን ትዝ አለችኝ። ማሽን ማሽን ስል ሰንብቼ፣ የሚሠሩበትን ሰዎች መቼ አየኋቸው? አንድ በርጩማ ስቤ ከአስናቀች ጀርባ ተቀመጥሁ። «ማሽኑን አጥፊው» አልኋት። «አሁን ጠዋት እንደምታደርጊው ሁሉንም ከመጀመሪያው አድርጊ። አታናግሪኝ።»

አበራችው። የዚያን ጊዜ ማሽን በተከፈተ ቁጥር ቀን ይጠይቃል፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳልና። አስናቀች ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብላ አየች፤ ሰኔን፣ ዕለቱን፣ ሰማንያን ጻፈች። ማሽኑ ተቀበላት።

«ምነው ሸዋ! የኛን ዘመን ነው የምትነግሪው?» አልኋት።

«ታዲያ የማንን ልነግረው ነው?» አለች። «መጀመሪያ ክረምቱን 79 ስለው አሻፈረኝ ይለኝ ነበር፤ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስከፍተው ራሱ በአንደኛው ወር አንደኛው ቀን ሰማንያ ብሎ ጠበቀኝ! ለመደ ብዬ ደስ አለኝ።»

ራሴን ያዝሁ። እነዚያ ሲስተሞች ሲሠሩ ዘመን የሚቆጥሩት ከፈረንጆቹ 1980 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አይቀበሉም፤ ሰው ካልነገራቸው ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ቀን ይነሣሉ። የኛ 1980 ሲገባ ከእነሱ መነሻ ጋር ገጠመና፣ አስናቀች ማሽኑ አገር የለመደ መሰላት። ማን ይፈርድባታል? አዲስ አበባ እኔን ሲያስተምሩኝ «ቀኑን አስገቡ» ብለው አለፉ እንጂ የማን ቀን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኔ መቼም እንደ ኮርሱ መጽሐፍ አስገባ ነበር፣ ሌላ ሰው ሌላ ያስገባል ብሎ ማን ያስባል!

ግቢውን በሩጫ አቋርጬ ካሳሁን ጀርባ ተቀመጥሁ። አጥፋና አብራ አልሁት። እሱም ቀና ብሎ የቀን መቁጠሪያውን አየ፤ ፕሮጀክቱ ትቶለት የሄደውን፣ የበረዶ ተራራ ሥዕል ያለበትን። 88 ብሎ ጻፈ።

በቃ። ይኼው ነው። አዋሃጁ አዲሱን ይዞ አሮጌውን ይጥላል፤ የካሳሁን የየካቲት ፋይል የአስናቀችን የግንቦት ፋይል ስምንት ዓመት ይበልጠዋል! እሷ መቶ ጊዜ ብታስተካክለው መቶ ጊዜ ይጥለዋል። እስከዚያ ቀን ያልታወቀው ነጩ ላይ የተሠራው ሁሉ ግራጫው ዘንድ የማይገኝ አዲስ ፋይል ስለነበረ ነው፤ ከግራጫው ፋይል ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው የጉና ብቻ ነው። ካሳሁን «እኔ እንዳስተማሩኝ ነው» አለ። አስናቀችም እንደመሰላት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነው፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

የጉናን ፋይል ግራጫው ላይ ራሴ አስተካክዬ አተምሁ። ጉና፤ ገብስ። ወረቀቱን ይዤ መጋዘን ሮጥሁ።

«ወረቀቱስ ልክ ነው፤ የጓድ መኮንን ፊርማ የለበትም» አለኝ የመጋዘኑ ሰው።

«የጓድ መኮንን ፊርማ ያለበት ነው እኮ ጤፍ ጉና የላከ!»

«እሱን አላውቅም። መመሪያ ነው» አለ።

ጓድ መኮንን ስብሰባ ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ምክትሉ «እኔ ልፈርም? ኋላ አሻጥር ቢባል?» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ያችው ቃል ዞራ መጣች። ቴሌግራም ብልክ መልስ የለም። አቶ አላምረው በየቀኑ ማለት ይቻላል ከጋሳይ በእግራቸው ወርደው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። ሚካኤል መጣ፣ ሄደ። ያን ዕለት እንኳ ቆመው ነበር።

ጓድ መኮንን ሲመለስ ሁሉንም አስረዳሁት፤ ቀኑን፣ ዘመኑን፣ አዋሃጁን። በጥሞና ሰማኝና ፊቱ በራ። «ታዲያ ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም ማለት ነዋ!» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አስናቀችን ግን ከዚያ በኋላ ማንም አሻጥር አላላትም፤ ይኼን አተረፍሁ። ወረቀቱንም ፈረመ። ከዚያ ነዳጅ የለም ተባለ፤ ነዳጁ ሲገኝ መኪናው ሌላ ሥራ ላይ ነው ተባለ። ገብሱ ከወረታ ተመልሶ ጉና ሥር ሲደርስ ሐምሌ ገብቷል። አቶ አላምረው «መሬቱ ባዶውን ከሚያድር» ብለው ዘሩት።

ጓድ መኮንን ደግሞ አዲስ መመሪያ አወጣ። «የራሳችን ዘመን እያለን በባዕድ ቀን አንሠራም፤ ሁለቱም ማሽኖች በእኛ አቆጣጠር ይሁኑ» አለ። እባክዎ ጓድ፣ የፈረንጁን ብንይዝ ይሻላል፣ ሲስተሙ የተሠራው ለዚያ ነው ብል አልሰማኝም። ጳጉሜ ስትመጣ ሁለቱም ማሽኖች አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አናውቅም አሉ። ጓድ መኮንን ተቆጥቶ ጳጉሜን በሙሉ ኮምፒዩተር እንዳይነካ አዘዘ። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳንም አንቀበልም አሉ፤ በእነሱ ሁለተኛው ወር ያን ዓመት ከሃያ ስምንት አያልፍማ። ያኔ ደግሞ ጥቅምት ሃያ ስምንትን ሦስት ጊዜ ዋልን። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ይኼን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ልቤ ጉና ላይ ነበር።

ኅዳር ላይ አቶ አላምረው መጡ። የመኸር ሪፖርት ይታተም ተብሎ፣ ብቻዬን ግራጫው ላይ ተቀምጬ ነበር። ደኅና ዋልሽ ብለው ጎኔ ተቀመጡ። «እስቲ የሺ፣ ይቺ መኪና ስለኛ ማኅበር ምን ትላለች?» አሉኝ።

ፋይሉን ከፈትሁና አነበብሁላቸው። «ገብስ። ተሰጥቷል። ሙሉ በሙሉ።»

«ልክ ናት» አሉ። «ተሰጥቶናል።»

ከኩታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ። የገብስ ዛላ ነው፤ የነጣ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፤ ፍሬ ያለው ገብስ አንገቱን ይደፋል። መዳፋቸው ላይ አሹት፣ እፍ አሉት። ገለባው ቁልፎቹ ላይ በነነ። መዳፋቸው ላይ የቀረ ነገር የለም።

«ይኼንስ የት ላይ ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ።

ፋይሉ ለማኅበሩ ስም፣ ለዘሩ ዓይነት፣ ለመጠኑና ለተሰጠበት ቀን ቦታ አለው። «ለዚህ ቦታ አልተሠራለትም አባቴ» አልኋቸው። ማሽኑን አንሥቼ በመስኮት ብወረውረው ደስታዬ ነበር።

«እሱስ ይሁን። ላስቸግርሽ አልመጣሁም፤ መንገዴ ስለሆነ ነው» አሉ። «ልጆቹን ፎገራ እህቴ ዘንድ አድርሼ መመለሴ ነው። እሷ ዘንድ እህል አለ። ትልልቆቹ ምንም አላሉ። ትንሿ ነች አልሄድም ብላ እግሬን የያዘችው። ገብሱ ሲደርስ መጥቼ እወስድሻለሁ አልኋት።»

እጃቸውን በኩታቸው ጠረጉ።

«የትኛው ገብስ፣ አባባ? አለችኝ።»